በኢንተርኔት ላይ የሚሰጡ የመጽሐፍ አስተያየቶችን እንዴት እንመርምር፣ እንዴትስ በሐቅ እንጻፍ፦ ለጎንደር አንባቢዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ጎንደር ሆኖ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ ነው። ፒያሳ ካሉት መደብሮች ያልደረሰ አዲስ መጽሐፍ ሲያስፈልግ ዋጋው በቴሌግራም ይጠየቃል፣ ሒሳቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፣ መጽሐፉም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ከቀናት በኋላ ይደርሳል። የውጭ አገር መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ከአማዞን ገዝቶ፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ፈልጎ እስኪልከው ድረስ ወራት ያልፋሉ። ካልወደዱት መመለስ የማይታሰብ ነው። ከክፍያው በፊት በእጃችን የሚኖረው መረጃ የሽፋኑ ፎቶግራፍና ሌሎች አንባቢዎች የሰጡት አስተያየት ብቻ ስለሚሆን፣ ያ አስተያየት ሐቀኛ መሆን አለመሆኑ ለእኛ ከኪሳችን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ጉዳይ ነው።

የአንባቢ አስተያየት ምስክርነት ነው። ምስክርነት ደግሞ የሚመዘነው ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ነገሩን በእርግጥ አይቶት እንደሆነ፣ ከነገሩም የሚያገኘው ጥቅም ወይም የሚወጣው ቂም እንዳለ ሲታወቅ ነው። የኮከቦች ቁጥር ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይነግረንም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች ከአንድ ስልክና ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ለማወቅ የሚያስችሉ ናቸው። በእርግጥ ለእረፍት ጊዜ ለሚነበብ ርካሽ ልብ ወለድ ሁሉንም መከተል አያስፈልግም፤ ውድ ለሆነ የትምህርት መጽሐፍ፣ ለልጆች ለሚገዛ መጽሐፍና አከራካሪ ለሆነ የታሪክ መጽሐፍ ግን አንዱንም መዝለል አይገባም።

አንደኛ፦ ኮከቡን ከማየትዎ በፊት የሚፈልጉትን ይጻፉ

ከመጽሐፉ የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ያስፍሩ። «በጎንደር ዘመን የነበረውን የቤተ መንግሥት ሥርዓት ምንጭ እየጠቀሰ የሚያስረዳ» ወይም «የሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን ልታነበው የምትችል» የሚል ዓይነት ይሁን። ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ የሌላው ሰው ደስታ ወይም ቅሬታ እርስዎን ይመለከት እንደሆነ የሚለዩበት መስፈሪያ ነው። የሌላ ሰው አድናቆት አስቀድሞ ከተነበበ የራስን ፍላጎት በግልጽ ማስቀመጥ ይከብዳል።

ሁለተኛ፦ አስተያየቱ የተጻፈበትን ቦታ ደንብ ይወቁ

ሁሉም መድረክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዱ ላይ ብዙ ክብደት ያለው ምልክት በሌላው ላይ ከነጭራሹ የለም።

አማዞን ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የደንበኞችን አስተያየት እየተቀበለ ያወጣል። በአሜሪካው ገጽ ላይ አስተያየት ለመጻፍ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 50 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ መግዛትን ይጠይቃል። መጽሐፉን ከዚያው ገዝቶ የጻፈ ሰው ከስሙ አጠገብ ግዢው መረጋገጡን የሚገልጽ ምልክት ይደረግለታል። ምልክቱ ሰውየው መክፈሉን እንጂ ማንበቡን አያረጋግጥም። በአንጻሩ ምልክቱ የሌለው ሁሉ ውሸታም አይደለም፤ መጽሐፉን ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ያነበበ ወይም ከጓደኛው የተቀበለ ሰው ምልክቱን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ አንድም ቃል ሳይጽፉ ኮከብ ብቻ መንካት ስለተፈቀደ፣ ከላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥርና ከታች የሚነበበው ጽሑፍ ከተለያዩ ሰዎች የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚታየው ውጤትም ቀላል አማካይ አይደለም፤ ኩባንያው የአስተያየቱን ቀንና የግዢውን መረጋገጥ የመሳሰሉ ነገሮችን አስገብቶ ያሰላዋል።

ጉድሪድስ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀምሮ በ2013 በአማዞን የተገዛ የአንባቢዎች መድረክ ነው። እዚያ አስተያየት ለመስጠት የግዢ ማስረጃ አይጠየቅም። ይህ ተውሰው ለሚያነቡ ሰዎች መልካም ሲሆን፣ ጨርሶ ላላነበቡትም በሩን ከፍቷል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ጊልበርት በጁን 2023 (እ.ኤ.አ.) ታሪኩ ሩስያ ውስጥ የሚፈጸም ልብ ወለድ ልታሳትም መሆኑን ባስታወቀች ጊዜ፣ መጽሐፉ ገና ሳይታተም በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ አንድ ኮከብ ምዘናዎች ጎረፉበት፤ እርሷም ሕትመቱን ላልተወሰነ ጊዜ አቆየችው። ኮከብ ከሰጡት ሰዎች አንድም እንኳ መጽሐፉን ገዝቶ የማንበብ ዕድል አልነበረውም።

የእኛ አገር መጽሐፍ ገዢ በብዛት የሚገለገልበት የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ ከሁለቱም ይለያል። እዚያ አስተያየቱን የሚያስተዳድረው ራሱ ሻጩ ወይም ደራሲው ነው፤ ያልወደደውን ማጥፋት፣ የወደደውን ከላይ መስቀል፣ ሲፈልግም የአስተያየት መስጫውን መዝጋት ይችላል። ስለዚህ በሻጭ ቻናል ላይ ቅሬታ አለመኖሩ መጽሐፉ ቅሬታ እንደሌለበት አያሳይም። ከደንበኛ የመጣ ነው ተብሎ የሚለጠፍ ስክሪንሻት ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ነው፤ የላኪው ስም ተሸፍኗል፣ ቀኑም አይታይም፣ ማንም በሁለት ስልክ ሊያዘጋጀው ይችላል።

ሦስተኛ፦ አስተያየቱ ስለየትኛው መጽሐፍ እንደሚናገር ያረጋግጡ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የሚያስከትለው ኪሳራ ግን ትልቅ ነው። አማዞንም ሆነ ጉድሪድስ የአንድን መጽሐፍ የተለያዩ ዕትሞች አስተያየቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ ያከማቻሉ። በመሆኑም በጥሩ ተርጓሚ ለተሠራ ዕትም የተሰጠ ምስጋና በችኮላ በተዘጋጀ ርካሽ ዕትም ሥር ሊታይ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪ ስለ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ሲያነብ፣ ምስጋናው ከሁለት ዕትም በፊት ለነበረው የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል የአስተያየቱን ቀንና የዕትሙን ዓመት ማመሳከር አለበት።

በዚሁ እርምጃ ውስጥ ስለ መጽሐፉ ያልሆኑ ቅሬታዎችን ይለዩ። «ዘግይቶ ደረሰ»፣ «ጥጉ ታጥፎ መጣ»፣ «ከተባለው ዋጋ በላይ አስከፈሉኝ» የሚሉት ስለ ሻጩና ስለ አጓጓዡ ናቸው። በአማርኛ መጻሕፍት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ገጽ የጎደለው፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ መጠረዙ የላላ መጽሐፍ የደረሰው ሰው ያገኘው ያለ ፈቃድ ተባዝቶ የተሸጠ ቅጂ ሊሆን ይችላል። በደራሲው ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ በእርግጥ የሚገባው ለአባዢው ነው። እንዲህ ያሉትን አስተያየቶች አይጣሏቸው፤ መጽሐፉን ከመምረጥ ይልቅ ሻጩን ለመምረጥ ይጠቅማሉ።

አራተኛ፦ ከአማካዩ ይልቅ ሥርጭቱን ይመልከቱ

አርባ አርባ ሰዎች የመዘኗቸው ሁለት መጻሕፍት አሉ እንበል። ለመጀመሪያው 30 ሰዎች አምስት፣ 2 አራት፣ 1 ሦስት፣ 1 ሁለት፣ 6 ደግሞ አንድ ኮከብ ሰጥተዋል፤ አማካዩ 4.2 ይመጣል። ለሁለተኛው 12 ሰዎች አምስት፣ 22 አራት፣ 5 ሦስት፣ 1 ሁለት ሰጥተዋል፤ አማካዩ 4.1 ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን እኩል ናቸው ይላል፤ እንዲያውም የመጀመሪያውን ያስበልጣል። ሥርጭቱን ያየ ሰው ግን የመጀመሪያው አንባቢውን ለሁለት የከፈለ፣ ምናልባትም በደጋፊና በተቃዋሚ የተጥለቀለቀ መጽሐፍ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ አብዛኛው ሰው ረክቶ ጥቂት ጉድለት ያገኘበት መሆኑን ይረዳል። የመጀመሪያው የግድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የሁለቱን ወገን ምክንያት ሳያነቡ መግዛት ግን አይገባም።

የአስተያየት ሰጪዎቹ ቁጥር ትንሽ ሲሆን አማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅም ያስቡ። አምስት ሰዎች ሁሉም አምስት ኮከብ ከሰጡ ውጤቱ 5 ነው፤ ሁለት ሰዎች መጥተው አንድ አንድ ቢሰጡ ወዲያው ወደ 3.9 ይወርዳል። በአማርኛ መጻሕፍት ላይ በእነዚህ መድረኮች የሚገኘው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ በእኛ መጻሕፍት ላይ ቁጥሩን ማመን ይበልጥ አደገኛ ነው።

አማካዩ የሚዛባው በተንኮል ብቻ አይደለም። ናን ሁ፣ ፖል ፓቭሉና ጂ ዣንግ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ በኢንተርኔት የሚሰጡ ምዘናዎች በሁለቱ ጫፎች ይከማቻሉ፤ መጽሐፉን አስቀድመው የወደዱት ናቸው የሚገዙት፣ ከገዙትም መካከል ለመጻፍ የሚነሣሡት በጣም የተደሰቱትና በጣም የተናደዱት ናቸው። መካከለኛ ስሜት ያለው ሰው መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። ባላዥ ኮቫችና አማንዳ ሻርኪ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የጉድሪድስን ምዘናዎች መርምረው ደግሞ ሽልማት ያገኙ መጻሕፍት ከሽልማቱ በኋላ ምዘናቸው፣ ለሽልማቱ ታጭተው ካላሸነፉት ጋር ሲነጻጸር፣ ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል። አንዱ ምክንያት ሽልማቱ መጽሐፉ ለእነርሱ ያልተጻፈላቸውን አንባቢዎች ጭምር መሳቡ ነው። እንግዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ የመጽሐፉን ድክመት አያሳይም።

አምስተኛ፦ ጽሑፉን በዝግታ ያንብቡ

ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ እንደማይገዛ፣ እጁንም እስከ ታች ሰድዶ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ አስተያየቶችንም ከላይ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ብቻ ማንበብ አይገባም። በመጀመሪያ ባለ ሦስት ኮከቦቹን ይክፈቱ፤ መልካሙንም ጉድለቱንም አብሮ የመጻፍ ልማድ ያለው እዚያ ያለው ሰው ነው። ቀጥለው ባለ ሁለትና ባለ አራት ኮከቦቹን፣ በመጨረሻም ጫፎቹን ያንብቡ። ባለ አንድ ኮከቡን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ጁዲት ሼቫሊየርና ዲና ሜይዝሊን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት በሽያጭ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ባለ አምስት ኮከቡ ከሚያሳድረው እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ይህንን አንባቢም ተንኮለኛም በልምድ ያውቁታል።

አሁን ሁለት ምሳሌዎችን በቅርብ እንመልከት። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «እጅግ ድንቅ መጽሐፍ! ከእጄ ሳላወርድ ጨረስኩት። ብዕርህ ይባረክ! ሁሉም ኢትዮጵያዊ ሊያነበው የሚገባ።» ሁለተኛው ደግሞ፦ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ቀዝቅዘውብኝ ነበር። ባለታሪኩ እስር ቤት ከገባ በኋላ ግን ንግግሮቹ ሕያው ናቸው፤ በተለይ እናቱ ስንቅ የምታመላልስበት ክፍል። የፊደል ግድፈቱ በዝቷል፣ የአንዱ መርማሪ ስምም በሁለት ዓይነት ተጽፏል። የዘመኑን ፖለቲካ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አይረካበትም። ሦስት ኮከብ።»

የመጀመሪያውን ለመፈተን የመጽሐፉን ርእስ በሌላ መጽሐፍ ርእስ ይተኩት። አንድም ቃል ሳይቀየር ለምግብ ዝግጅት መጽሐፍ እንኳ ይሆናል። ጸሐፊው ሐሰተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ከልቡ የተደሰተ ሰው እንዲህ ይጽፋል፤ ነገር ግን ስለ መጽሐፉ የነገረን ነገር የለም። ሁለተኛው መጽሐፉን ባልከፈተ ሰው ሊጻፍ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሦስት ኮከብ የሰጠበት ምክንያት ተገልጿል፤ ፖለቲካውን ሳይሆን የእናትና የልጅን ታሪክ የሚፈልግ አንባቢ ይህንን «መካከለኛ» ምዘና አንብቦ መጽሐፉን በደስታ ሊገዛ ይችላል። ጥሩ አስተያየት ጸሐፊው ባይስማማን እንኳ የሚጠቅመን ለዚህ ነው።

የሚያጠራጥሩ ምልክቶችን በተመለከተ፦ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የተከማቹ ምስጋናዎች፣ ከጀርባ ሽፋኑ ጽሑፍ ቃል በቃል የተወሰዱ ሐረጎች፣ በተለያዩ ስሞች የሚደጋገም አንድ ዓይነት አባባል፣ የደራሲውን ሙሉ ስምና የመጽሐፉን ሙሉ ርእስ በየዓረፍተ ነገሩ የሚጠራ ጽሑፍ። እንዲህ ያለውን ሲያዩ የአስተያየት ሰጪውን ፕሮፋይል ይክፈቱ። በአንድ አሳታሚ መጻሕፍት ላይ ብቻ አምስት አምስት ኮከብ የሰጠ፣ ወይም በአንድ ደራሲ መጻሕፍት ላይ ብቻ አንድ አንድ የሰጠ አካውንት ራሱን ይናገራል። በአንድ ቀን የተከማቸ ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም፤ በመጽሐፍ ምረቃ ማግስት እውነተኛ አንባቢዎችም በአንድ ጊዜ ሊጽፉ ይችላሉ። ቀድሞ ውሸተኛ አስተያየት በተሰባበረ ቋንቋው ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ውስጥ የተስተካከለ ጽሑፍ ስለሚያዘጋጅ የቋንቋ ማማር ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። አሁን የሚቀረው መለያ ዝርዝር ነው፤ ከጀርባ ሽፋኑና ከማስታወቂያው ላይ የማይገኝ፣ መጽሐፉን ገልጦ ብቻ የሚታወቅ ነገር።

ስድስተኛ፦ «ማን ይጠቀማል?» ብለው ይጠይቁ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም ጥቅምና ቂም ራሳቸውን ይሸሽጋሉ። በፌብሩዋሪ 2004 (እ.ኤ.አ.) የአማዞን የካናዳ ገጽ በቴክኒክ ስሕተት የስም አልባ አስተያየት ሰጪዎችን ትክክለኛ ስም ለቀናት አሳይቶ ነበር፤ ያኔ የራሳቸውን መጽሐፍ በስውር ያሞገሱ ደራሲያን ታወቁ። በ2010 እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ኦርላንዶ ፋይጅስ በብዕር ስም የሌሎች ምሁራንን መጻሕፍት ሲያንቋሽሽና የራሱን ሲያወድስ እንደነበረ አምኗል። በ2012 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ለደራሲያን አስተያየት ይሸጥ እንደነበረ ተጋለጠ፤ አንዱ 99 ዶላር፣ ሃያው 499፣ ሃምሳው 999 ዶላር ነበር። አማዞን በኦክቶበር 2015 ከ1,100 በላይ የሚሆኑ ሐሰተኛ አስተያየት ሻጮችን ከስሷል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣውና ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥንና መግዛትን፣ የድርጅት ባለቤቶችና ሠራተኞች ግንኙነታቸውን ሳይገልጹ የሚጽፉትን ምስክርነት ጭምር ይከለክላል።

በእኛ ዘንድ ነገሩ በዋጋ ዝርዝር ላይ የሚወጣ አይደለም፤ በይሉኝታ ይፈጸማል። ጓደኛ ለጓደኛው መጽሐፍ ይጽፋል፣ ጓደኛውም በተራው ብድሩን ይመልሳል፤ እከክልኝ ልከክልህ የሚባለው ይኸው ነው። በምረቃ ዕለት የተነገረ የአክብሮት ንግግር በማግስቱ እንደ ገለልተኛ ሂስ ተቆርጦ ይለጠፋል። ከምስጋናው በላይ የሚያሳዝነው ግን ሌላው ጫፍ ነው፦ ደራሲው ከየት አካባቢ እንደሆነ፣ የትኛውን ሃይማኖት እንደሚከተል፣ በየትኛው ወገን እንደቆመ ብቻ ታይቶ የሚወርድ ውግዘት። በተለይ በታሪክ መጻሕፍት ሥር ከሚጻፈው ውስጥ ብዙው መጽሐፉ ምን እንደሚል አይጠቅስም። እንዲህ ያለውን አስተያየት፣ የእርስዎን ወገን የሚደግፍ ቢሆን እንኳ፣ ከቁጥር ውስጥ አያስገቡት። ፍትሐዊነት የሚፈተነው በምንወደው ወገን አስተያየት ላይ ነው።

በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ሻጭ ራሱ ጽፎ የደንበኛ ነው ብሎ የሚለጥፈው ምስጋና ከዚህ መንፈስ ውጭ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሰባተኛ፦ በራስዎ ያመሳክሩ

አሁን ከስክሪኑ ይውጡ። መጽሐፉ ፒያሳ ካለ ሄደው ሦስት ቦታ ይክፈቱ፦ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና ወደ መጨረሻው ያለውን፤ ከየቦታው አንድ ገጽ ያንብቡ። ከሌለ ለሻጩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ጤና ይስጥልኝ። መጽሐፉን ለመግዛት አስቤያለሁ፤ የምጽፈው ከጎንደር ስለሆነ መጥቼ ማየት አልችልም። እባክዎ ማውጫውን፣ የሕትመት ዓመቱና ማተሚያ ቤቱ ያለበትን ገጽ፣ ከመካከልም አንድ ገጽ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።» ሐቀኛ ሻጭ ይህን ለማድረግ አይቸገርም። ከማውጫው ፎቶ የሚገኘው መረጃ ከሃያ ምስጋና ይበልጣል። ማራኪ ግቢ የሚማር ወይም የሚያስተምር ዘመድ ካለዎት መጽሐፉን በሙያው የሚያውቅ መምህር እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ።

ስለ ጎንደር የተጻፈ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ እኛ ሌላው የሌለው ዕድል አለን። አንድ አስተያየት ሰጪ «መጽሐፉ በዘመን አቆጣጠር ተሳስቷል፤ ከተማዋ የተመሠረተችው በ1636 ሆኖ ሳለ በ1628 ይላል» ብሎ አንድ ኮከብ ቢሰጥ፣ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የፈረንጅና የኢትዮጵያ አቆጣጠር ልዩነት መሆኑን ማንም የጎንደር አንባቢ ያውቃል። ሌላው የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ከግቢው ውጭ ነው ቢል፣ ፋሲል ግቢ ገብቶ ማየት ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ገብቶ ያየውን በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመ ጊዜ፣ ከተማዋን በዓይናቸው ያላዩ የሎንዶን ሰዎች ፈጠራ ነው ብለው ተሳለቁበት፤ ብዙውን የተናገረውን ግን በኋላ የመጡ መንገደኞች አረጋግጠውለታል። ስለ ከተማችን በሚጻፉ መጻሕፍት ላይ የዓይን ምስክር ሆኖ አስተያየት መጻፍ የእኛ ድርሻ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ስምንተኛ፦ የራስዎን አስተያየት ይጻፉ

ያነበበ ሰው ዝም ካለ ሜዳው ለጓደኛና ለጠላት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መጽሐፉን በጨረሱ በሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ ዝርዝሩ ከአእምሮዎ ሳይጠፋ፣ አጭር አስተያየት ይጻፉ።

በመጀመሪያው መስመር ያነበቡትን ይለዩ፦ ስንተኛ ሕትመት፣ በየትኛው ዓመት፣ በወረቀት ወይስ በስልክ። በሁለተኛው ከመጽሐፉ ጋር ያለዎትን ግንኙነት በግልጽ ይናገሩ። «መጽሐፉን በነጻ የሰጠኝ አሳታሚው ነው»፣ «ደራሲው መምህሬ ነበሩ»፣ «ከ140ኛው ገጽ በኋላ ትቼዋለሁ» ማለት አስተያየትዎን አያዋርደውም፤ እንዲያውም አንባቢው በልኩ እንዲመዝነው ያስችለዋል። የቅርብ ዘመድዎ ለጻፈው መጽሐፍ ግን ኮከብ አይስጡ፤ አማዞንም ይህን ይከለክላል። ደስታዎን ለራሱ ለደራሲው በስልክ ይንገሩት።

ከዚያ መጽሐፉ ምን ለማድረግ እንደተነሣ ይግለጹና በዚያ ይመዝኑት። ለልጆች የተጻፈን ተረት ምንጭ አልጠቀሰም ብሎ መውቀስ ወይም የምርምር ሥራን አያዝናናም ብሎ መንቀፍ ፍርድ ማጓደል ነው። ቢያንስ አንድ ጥንካሬና አንድ ድክመት ከነቦታው ይጥቀሱ፤ «ብዙ ስሕተት አለበት» ከማለት ይልቅ «በ87ኛው ገጽ ላይ ያለው ዓመት በ112ኛው ካለው ጋር ይጋጫል» ይበሉ። የልብ ወለድን መጨረሻ አይግለጹ። ደራሲውን ሳይሆን ድርሰቱን ይናገሩ፤ ስለ ሰውየው ጠባይ፣ ትውልድና ፖለቲካ የሚጻፍ ነገር የመጽሐፍ አስተያየት አይደለም። የመጓጓዣና የዋጋ ቅሬታ ካለዎት ለብቻው ለሻጩ ይጻፉ። በመጨረሻ መጽሐፉ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ፤ ብዙ አንባቢ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ኮከብ የሚሰጡት ጽሑፉን ከጨረሱ በኋላ ይሁን። አስቀድሞ የተሰጠ ኮከብ ጽሑፉን ወደ ራሱ ይጎትታል።

ዘጠነኛ፦ ሐሰተኛ አስተያየት ሲያጋጥም፣ የእርስዎም ሲጠፋ

በአማዞንና በጉድሪድስ ላይ ከእያንዳንዱ አስተያየት አጠገብ ሪፖርት ማድረጊያ አለ። ሲጠቀሙበት ቀኑንና አካውንቱን የሚያሳይ ስክሪንሻት ያስቀምጡ። ግለሰቡን በስም ጠርተው በአደባባይ አይወንጅሉት፤ ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም፣ ንጹሕ አንባቢን ሐሰተኛ ማለትም ከሐሰተኛው አስተያየት ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል።

በሻጭ ቻናል ላይ የጻፉት ሐቀኛ አስተያየት ከጠፋ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን በውስጥ መስመር ምክንያቱን ይጠይቁ፤ አንዳንዴ ከስድብ ጋር አብሮ በጅምላ የተጠረገ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መልስ ካላገኙ ያንኑ ጽሑፍ ሳያከርሩና ሳይጨምሩ፣ መጽሐፉን የገዙበትን ወርና የሽፋኑን ፎቶ አያይዘው በራስዎ ገጽ ላይና በጉድሪድስ ያውጡት። ከጊዜ በኋላ አስተካክሎ የታተመ አዲስ ሕትመት ከወጣ ደግሞ ወደ ጽሑፍዎ ተመልሰው የትኞቹ ግድፈቶች እንደታረሙ ከነቀኑ ይጨምሩበት።